ከድንጋዩ በላይ ያለው አጥር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፣ ጠዋት። በጎቹ ሙሉ ናቸው። ጥጃው በረት ውስጥ ይጮኻል። ላሟ የለችም።

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ያቺ አላርፍ ባይ ልጅህስ? ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኛ ከአጥሩ ነገር በቀር ደህና ነን።

እኛን ከቀጮ የሚለየው አጥር እሁድ ወደቀና ላሟ ገብታ ጎመኑን በላችበት። እሱም ግቢው አስሮ፣ አጥሩን ካልጠገናችሁ አልፈታትም አለ። ቀጮ ስልህ ያ የምታውቀው ቀጭን ልጅ አይምሰልህ፤ አሁን በር የሚገባው ሆዱን አስቀድሞ ነው። ሰው እየሰማ፣ "ሽቦ ነጋዴው አጥሩን በልብስ ማስጫ ገመድ አስሮ ይኖራል" አለኝ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን በግኗል።

እንደምታውቀው ከትልቁ ድንጋይ በታች ያለው የኛ፣ በላይ ያለው የነሱ ነው። የወደቀው በላይ ነው። እናም ነገሩ አልቋል ብዬ አጥሩን ለማየት ሄድኩ። ቋሚዎቹን ሳይ ግን ሽቦው ሁሉ የተጠመዘዘው ወደ ግራ ነው። በሰፈሩ ግራኝ የነበረው አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብቻ ነው። ለካ ቀጮም አይቶታል። "ይሄ የማን እጅ ነው? ዓመት ካመት የጠገነው ነው ባለቤቱ" አለኝ።

እማዬ ጥጃውን እየነዳች፣ ባልዲዋን ይዛ፣ ጠዋትና ማታ እሱ ግቢ ሄዳ ታልባለች። ዛሬ አብሬያት ሄድኩ። ቀጮ፣ "እማማ፣ ወተቱ የእርስዎ ነው፤ አጥሩም የእርስዎ ነው" አላት። እሷ ከላሟ ቀና እንኳ ሳትል፣ "አባትህ ወገቡን ታሞ ሲተኛ የኔ ባል ነው ሲጠግንለት የኖረው። አባትህ ሲሞትም አንተ ገና ልጅ ነህ ብሎ ቀጠለ። ውለታችንን ዕዳ ታደርግብናለህ?" አለችው። ቀጮ ጫማውን አየ። ከዚያ ማን ይመሰክራል አለ። "ሽቦውን ይይዝለት የነበረው ትልቁ ልጄ" አለች። እሱም፣ በስልክ አይሆንም፣ በእጁ የጻፈውን አምጡ አለ።

ስለዚህ ያየኸውን ጽፈህ ላክልኝ፤ ለኛ ብለህ ግን ምንም እንዳትጨምር። ላሟ ደብዳቤህን አትጠብቅም፤ ወተቷ እየቀነሰ ነው። ብቻዬን ብጠግነው ደግሞ ያ አጥር እስከ ልጅ ልጅ በኛ ላይ ይቀራል። ወጥተን ስንሄድ፣ "ነገ አብረን እንጠግነው፣ ላሟን ፍታ፤ የማን እንደሆነ ወንድሜ ሲጽፍ እንጨርሳለን" አልኩት። እሺም እምቢም አላለኝም።

እማዬ ብርዱን ተጠንቀቅ ትልሃለች። ባለቤቴ እጅ ትነሳለች። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ ልጅህን ሳምልኝ።

ነገ፦ ከሱቅ አንድ ጥቅል ሽቦና ሁለት ጉጠት ይዞ ድንጋዩ ጋ መሄድ።