በወረቀት ብቻ

ነገሌ ቦረና
መጋቢት 9 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለነስሩ፣

አውስትራሊያ ድረስ አስሰላሙ ዓለይኩም። ረሒማንና ትንሿን ልጅህን በአያቷ ስም ሳምልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱም ቁጭ ብድግ ስል ነው እንጂ ሱቅ ተቀምጬ ስውል አይታወቀኝም። ረመዳን ሊገባ ነው፣ ቴምሩ ግን ከሞያሌ በኩል እስካሁን አልመጣም። ጎረቤታችን ዲንኪቱ ጠዋት ወተት ስታመጣልኝ «አካም ቡልቴ? ደህና አደርሽ? ነስሩን ሰላም በይልኝ» ትላለች። ዝናቡ ስለዘገየ ላሞቿ ከስተዋል፣ ወተቱም ቀጥኗል፤ እሷ እቴ፣ ውሃ አልጨመርኩም ብላ ትምላለች።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከደረሰኝ ጀምሮ ቀልቤ አልተሰበሰበም። መሠረተ ትምህርት ያስተማሩኝ ልጆች ይባረኩ፣ ለማንም ሳላስነብብ ራሴ አነበብኩት።

ቤት ልትገዛ ነው። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ሣር ያለው ግቢ፣ ለልጅቷ ለብቻዋ ክፍል ስትል ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወለዱ መጣ። ባንኩ ከመቶ አሥራ ሰባት ይጠይቃል ትላለህ። ያ ረቢ፣ ይሄ ብድር ነው ወይስ አራጣ? ሐራም ነው ብዬ ልቆጣህ ነበር፤ ግን ያለ ወለድ ቤት በማይገዛበት አገር ያለኸው አንተ ነህና እሱን እዚያው ላሉት ሼሆች ትቼዋለሁ። አከራያችሁም ወለዱ ጨመረብኝ እያለ ኪራዩን በእናንተ ላይ መጨመሩ አሳዘነኝ። ደግሞ በዚህ ወር ምርጫ አለ፣ ሌላው ፓርቲ ካሸነፈ ወለዱ ይወርዳል የሚሉ አሉ ብለሃል። ይወርዳል ብለህ ፈርመህ ቢወጣብህስ? መንግሥት ነገ የሚያደርገውን አውቃለሁ የሚልህን ሰው አትስማ። እኛም አንድ እንደዚህ ያለ አዋቂ ነበረን።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ወለዱ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ የጻፍከው ነው። መንግሥት መጀመሪያ ቤት ለሚገዛ ሰው ድጎማ ይሰጣል፤ ያንተና የረሒማ ገቢ አንድ ላይ ከተቆጠረ ግን ከልኩ ያልፍና ትከለከላላችሁ። ስለዚህ «በወረቀት ብቻ እንለያይና ቤቱ ከተገዛ በኋላ እንመለሳለን፤ አንቺና አባባም አድርጋችሁታል» ብለህ ምርቃት ጠየቅከኝ።

ነስሩ፣ እንዳትፈርም። መጀመሪያ ይሄን ልበልህ፣ ምክንያቱን ከዚያ አንብበው።

የቤት አዋጁ ሲወጣ አንተ ትንሽ ነበርክ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ትርፉ የመንግሥት ነው ተባለ። እኛ ሁለት ነበሩን፤ ይሄ ያለሁበትና ከመስጊዱ በታች አባትህ ለፍቶ የሠራው። ያ አዋቂ ያልኩህ፣ ደብዳቤና ማመልከቻ የሚጽፍልን ሰውዬ፣ «ተፋቱ፣ ሁለት ቤተሰብ ትሆናላችሁ፤ ነገሩ ሲበርድ ትመለሳላችሁ» አለን። ቃዲው ዘንድ ቀረብን። ቃዲው «ዓብዱልባሲጥ፣ ከልብህ ነው?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁት። አባትህ ከልቤ ነው አለ። እኔ በሻርፔ ሥር ሳቄን እይዝ ነበር፤ ወላሂ፣ ጨዋታ ነበር የሚመስለኝ። ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ታችኛው ቤት ወረደ፤ አመሻሽ ላይ በጓሮ አጥር በኩል እየመጣ እናወራ ነበር።

ቀበሌዎቹ ግን ጠረጠሩ። በውሸት የተፋታ ሁለቱንም ቤት ይወረሳል የሚል ወሬ ተነዛ። እንግዲህ የእውነት የተፋታ ሰው ምን ያደርጋል? ይጣላል። እኛም መጣላት ጀመርን። በገበያ ቀን ጨው ከሚሸጥበት ሄጄ ሰው ፊት አፌን እከፍትበታለሁ። የምንባባለውን ቀድመን በአጥሩ እንነጋገር ነበር፤ «ዛሬ በልጅ ቀለብ እንጨቃጨቅ» ይለኛል። ዲንኪቱ መሐላችን ገብታ «ናጋ፣ ናጋ፣ ሰላም አውርዱ» እያለች ትገላግለናለች። አመሻሽ ላይ በእሷ እንስቃለን።

አንድ የገበያ ቀን አባትህ ያልተነጋገርነውን ተናገረ። የቀበሌ ሰዎች ቆመው ያዩናል። «ኡሙልኸይር፣ ከእኔና ከቤቱ የትኛውን ትመርጫለሽ?» አለኝ። ድምፁ የጠብ አልነበረም። ሰው ሁሉ አፌን ይጠብቃል፤ ምን ልበል? «ቤቱን!» አልኩት ጮክ ብዬ። እኔ የተጫወትኩ ነው የመሰለኝ።

የዚያን ዕለት አጥሩ ጋ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሲበርድለት ይመጣል አልኩ፤ ደግሞ ኩራት ያዘኝና ራሱ ይምጣ አልኩ። እንዲህ ስንል ዒዳዬ፣ ከፍቺ በኋላ የምጠብቀው ጊዜ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ለመመለስ አዲስ ኒካህ ያስፈልጋል፣ ኒካህ ምስክር ይፈልጋል፣ ምስክር ካለ ደግሞ ቀበሌ ይሰማል። አባትህ ዱብሉቅ ወረደና እዚያው የኤልሶድን ጨው መነገድ ጀመረ። የታችኛው ቤትም ሰው የማይኖርበት ነው ተብሎ ተወረሰ። አሁን የሚኖርበት ሰው መስኮቱን አረንጓዴ ቀብቶታል፤ ወደ መስጊድ የሚወስደው መንገድ በዚያ ስለሆነ በየቀኑ አየዋለሁ። አንተ ግን ተመልሰን ተጋብተን አባትህ ለንግድ ብቻ የራቀ ይመስልሃል። እንደዚያ ብለን የነገርንህ እኛው ነን።

ባለፈው ሳምንት ጨው የጫነ መኪና ይዞ መጣ። ቅይጥ ኢኮኖሚ ከተባለ ወዲህ ቤት ለሽያጭም ለኪራይም መሥራት ይቻላል እየተባለ ሰው የሚያወራው ስለ ቤት ብቻ ነውና፣ እሱም ለዚያ የመጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ያንተን ደህንነት ሊጠይቅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ «እንደምን ነዎት?» አለኝ። እኔን ነው፣ በአንቱ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ሸምግሏል ልጄ፣ የፊት ጥርሱም የለም። እዚያው እንደቆመ ደብዳቤህን አነበብኩለትና «ምን ብዬ ልመልስለት?» አልኩት።

«ያን ቀን ገበያ ላይ ያሉኝን ይጻፉለት» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ሹፌሩ ተጣራ፣ እሱም ሄደ። ይጻፉለት ያለኝን ይኸው ጻፍኩልህ።

ስለዚህ ድጎማው ይቅር። ኪራይ ቤት መኖር ነውር አይደለም። ወለዱ ሲወርድ፣ ባይወርድም አቅም ስታገኙ፣ በሁለታችሁ ስም ትገዛላችሁ። ነገሩን ለረሒማ ነግረሃት እሷም ስቃ ከሆነ፣ ሳቋን አትመነው። እኔም ስቄ ነበር። መልስህን ቶሎ ላክልኝ። ይሄን ስለ አዋጅ የሚያወራ ደብዳቤ እዚህ ፖስታ ቤት መስጠት ፈርቼ ወደ ሞያሌ ለሚወርደው ሹፌር ለዱቤ ሰጥቼዋለሁ፤ ሞያሌን ሲሻገር ይልከዋል።

አላህ በአንድ ደጅ ያስወጣችሁ፣ በአንድ ደጅ ያስገባችሁ። የወለዳችኋትን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ምክር ይጠብቅህ። አሚን።

እናትህ ኡሙልኸይር

ለአባትህ ስትጽፍለት፣ በዱብሉቅ በጃልዴሳ ሻይ ቤት በኩል ይደርሰዋል፣ አንድ ነገር ጨምርልኝ። ዱቤ በዚያው ነው የሚያልፈው፤ ግን ይሄ በሹፌር አፍ የሚላክ ነገር አይደለም። እናቴ «ያን ቀን እንደዚያ ያልኩት ሰው ስለሚሰማ ነው» ብላለች በለው።