የግንቡ ንቦች

ሰኞ

ምን ነክቶኝ እጄን እንዳወጣሁ አላውቅም። ዛሬ የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ ያረጀው የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ፈርሶ እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ። ግንበኞቹ የዛሬ ሳምንት ይጀምራሉ። ከወይራው አጠገብ ግንቡ ውስጥ የሚኖሩት ንቦችስ ሲባል አንዱ "መድኃኒት ይረጭባቸዋ" አለ። ብድግ ብዬ "እኔ አወጣቸዋለሁ" አልኩ። የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነኝ። የማውቀው ሳጥን መሥራት እንጂ ንብ አይደለም።

ግን እኔ ስወለድም እዚያው ነበሩ። ማራቸው ለጠበልተኞች ነው የሚሰጠው፤ ማንም ወደ ቤቱ አይወስድም።

የገረመኝ አባቴ፣ አባባ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ከዚያው ወይራ ሥር ቅኔ ያስተምራሉ። ስለ ንቦቹ ሲነሳ ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም፤ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ግቢው ውስጥ ወዳለችው ጎጆአቸው ሳደርሳቸው እንደ ልማዴ "ማራኪ ሰፈር እኔ ቤት ይግቡ" አልኳቸው። እንደ ልማዳቸው "ደቀ መዛሙርቴን ለማን ትቼ?" አሉኝ።

ማክሰኞ

ሳጥኑ አለቀ። ዋንዛ ነው፣ ክዳኑ ልክክ ይላል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ሊያዩት መጥተው "ለቤተ ክርስቲያን እንዲህ ገርጥቶ ይሰጣል እንዴ?" አሉና ለበሩ ተገዝቶ የተረፈውን የዘይት ቀለም አስመጡ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀባሁት። እውነቱን ለመናገር አማረ።

አባባ ጠጋ ብለው አሸተቱና "ይከረፋል" አሉ። ስለ ቀለሙ ምንም አላሉም። "እስከ ነገ ይለቃል" አልኳቸው።

ረቡዕ

ከጠዳ አያ ማሩ መጡልኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ያረቡ ገበሬ ናቸው። ሳጥኑን ዞር ዞር ብለው አዩትና "ባትቀቢው ሸጋ ነበር" አሉ። አንዴ ሆኗል አልኳቸው።

ሊመሽ ሲል ግንቡን ድንጋይ በድንጋይ ፈታን። ክንድ የሚያህል የማር እንጀራ ተደርድሯል። አያ ማሩ አውራዋን ፈልገው አገኟት፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ሦስት ቦታ ተነደፍኩ፣ አንዱ ቅንድቤ ላይ። ሳጥኑን ከሰው ይራቅ ብዬ ከታችኛው በር ጥግ አስቀመጥኩት። በራሴ ኮርቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሐሙስ

ሳጥኑ ባዶ ነው። ንቦቹ ወጥተው የጽድ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። ለአያ ማሩ ደወልኩ። "ምነው ልጄ፣ አንቺስ እንዲያ በሚሸት ቤት ታድሪያለሽ?" አሉኝ። ሌላ ቤት በቶሎ ካላገኙ ይሄዳሉ፣ ምናልባት እስከ ነገ ይቆያሉ።

የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። አባባን መቃብሮቹ መሐል ቆመው አገኘኋቸው፤ በትራቸው ወዲያ ወዲህ ይዳስሳል፣ ጉልበታቸው ተልጧል። "አባባ" ስላቸው ፊታቸውን ያዞሩት እኔ ወደሌለሁበት ነው።

"ንቦቹን የት ወሰድሻቸው?" አሉ።

ከጎጆአቸው እስከ ወይራው ድረስ መቃብር የሞላው ሜዳ ነው። ለካ የንቦቹን ድምፅ እየተከተሉ ኖሯል የሚሻገሩት። ከፋሲካ ወዲህ ከጥላ በቀር አይታያቸውም። ለምን አልነገሩኝም ስላቸው "ብነግርሽ ማራኪ ወስደሽ ታስቀምጪኛለሽ" አሉ። ተናደድኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው፣ በማግስቱ እወስዳቸው ነበር።

ዓርብ

በማለዳ አባባን ይዤ ወደ ፈረሰው ግንብ ሄድኩ። እጃቸውን አስገብተው ለኩልኝ። ቁመቱ ክንድ ከስንዝር። መግቢያው አንድ ጣት፣ ወደ ፀሐይ መውጫ። ግድግዳው ወፍራም፣ ውስጡ ጨለማ። "የመረጡት ቤት ይኸው፤ ምን ልታሻሽዪ ነው ሌላ የሠራሽላቸው?" አሉኝ።

ነገ ሰንበት ነው፣ በግቢው ሥራ የለም። ዛሬውኑ ማለቅ ነበረበት። በዚያው ልክ ለአዲስ ቀፎ ሸምበቆ ጠፈርኩ፣ በጭቃና በጤፍ ጭድ ለሰንኩ፣ ውስጡን እበት ቀባሁ፣ ፍም አጠገብ አደረቅሁ፣ በወይራ ጭስ አጠንኩት። መልኩ አያምርም። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ይስቁ ነበር።

አመሻሹ ላይ አያ ማሩ መጥተው ንቦቹን ከቅርንጫፉ አራገፉልኝ። ቀፎውን ወይራው አጠገብ፣ የድሮ ቤታቸው ፊት ለፊት አስቀመጥነው። ሊቀመንበሩ "ግንበኞቹ ሊነደፉ?" ብለው ተቆጡ። ከበሩ በኩል ይጀምሩ፣ እዚህ እስኪደርሱ አንድ ነገር እናደርጋለን አልኳቸው። እሺም እምቢም አላሉም።

ቅዳሜ

ማየት ብቻ። ስድስት ጊዜ ሄጄ አየሁ።

ጠዋት ጥቂት ወጡ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ አንዷ እግሯ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ይዛ ገባች። ለአያ ማሩ ደውዬ ስነግራቸው "እንግዲያ ልጅ ሊያሳድጉ ነው፤ አይሄዱም" አሉ። አባባን ግን ዛሬ እጃቸውን ይዤ ነው ያሻገርኳቸው። ሲያፍሩ አየኋቸው።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባባ "ተይኝ፣ ብቻዬን" አሉ። ተውኳቸው። ቀድሜ ወደ ግንቡ ፍርስራሽ ሄጄ ቆምኩ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ንቦቹ ሥራ ላይ ናቸው። አባባ ከጎጆአቸው ወጡ። ሜዳው መሐል ቆም ብለው ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ በመቃብሮቹ መሐል፣ አንዱንም ሳይነኩ፣ መጥተው ወይራው ሥር ተቀመጡ።

"አንድ እርምጃ ወደ ግራ ነው ያስቀመጥሻቸው" አሉ። እዚያ መሆኔን ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ባለ ቀለሙ ሳጥን የደቀ መዛሙርቱ መጻሕፍት ማስቀመጫ ሆኗል። ነገ ግንበኞቹ ይመጣሉ። አዲሱ ግንብ ውስጥ በድሮው ቦታ ክንድ ከስንዝር የሆነ ክፍተት፣ አንድ ጣት መግቢያ ያለው፣ እንዲተዉልን ልለምን ነው፤ ሊቀመንበሩ ይፍቀዱ አይፍቀዱ አላውቅም። ማክሰኞ አባባን ዓይን ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ፤ እሺ ብለዋል።

ስለ ማራኪ ዛሬ አላነሳሁም።