ከድልድዩ ሥር ያለው የሲጋል ቦታ

እሑድ
ታማር ደወለች። የልጄ የሲጋል ጓደኛ ናት፤ እዚህ እስራኤል የናሓል ሀደራን ወንዝ ጤንነት፣ ውስጡ ያለውን ፍጥረት በመረብ እያጠመዱ፣ በየወሩ አብረው ይለኩ ነበር። ከድልድዩ ሥር ያለው የሲጋል ቦታ ነው። ከሞተች ወዲህ ማንም አልለካውም።
«እማማ፣ እስከ ዓርብ ካልተለካ ቦታውን ከመዝገቡ ይሰርዙታል። እኔ የራሴም በዝቶብኛል» አለችኝ። አንድ ቀን ለክቶ ወንዙ ጤነኛ ነው አይባልም አለች። ከዓመት ዓመት ሳይቋረጥ ሲለካ ነው ለውጡ የሚታየው። ከተቋረጠ የቀድሞውም ድካም ከንቱ።
የሲጋል ድካም ከንቱ!
እኔ እመጣለሁ አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ሰኞ
ባለቤቴ ሳቀብኝ። «ጣና ዳር አድገሽ ዓሣ ሳታጠምጂ፣ እዚህ በእርጅናሽ ትል ልታጠምጂ?»
ልጃችንን ከቀበርን ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። አልተቆጣሁም።
እግሬ ግን ፈርቷል። ሲጋል ከሞተች ወዲህ ወደዚያ ወንዝ ዳግም አልሄድኩም ነበር።

ረቡዕ
ሄድኩ። ታማር የራሷን ቦታ ስትለካ ብቻዬን መረቡን ከተትኩ። ባዶ። ደገምኩ። ባዶ። የሚፈለጉት በውሃው የሚኖሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው፤ ብዙ ዓይነት ከተገኘ ወንዙ ደህና ነው። ባዶ ከሆነ ሞቷል ማለት ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።
ታማር መጣች። «ከየት ነው የቀዱት?»
«ከመሐል ነዋ፣ ከሚሮጠው።» እናቴ እንዲያ ነው ያስተማረችኝ። ሰውን ከርኩሰት የሚያነጻው ወራጅ ውሃ ነው፤ የቆመ ውሃ አይነካም።
ታማር በሳቅ ፈረሰች። «እማማ፣ እነሱ መንጻት አይፈልጉም፤ መደበቅ ነው የሚፈልጉት! ዳር ዳሩን፣ ከሸምበቆው ሥር።»
መሽቶ ነበር። ተመለስን።

ሐሙስ
ዝናብ። ከከባድ ዝናብ በኋላ አይለካም፤ ጎርፉ ሁሉን ጠርጎ ይወስዳል። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ቆሜ ዋልኩ። አምላኬ፣ በቃ በለው።
ከሰዓት በኋላ አባራ። ታማር «ትንሽ ነው የዘነበው፣ በሴዴር፣ ችግር የለም፣ ነገ ጠዋት እንለካለን» አለች።

ዓርብ
መረቡን ከሸምበቆው ሥር ሰደድኩት። ሳወጣው ጭቃው ይንቀሳቀሳል! ቀንድ አውጣ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ትናንሽ ሽሪምፖች፣ ገና ክንፍ ያላወጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ነፍሳት። አንዱ ጣቴን ነከሰኝ። ጮህኩ። ታማር እያየች ትመዘግባለች።
«ደህና ነው ወይ?» አልኳት።
«መካከለኛ። ካለፈው ዓመት ትንሽ ይሻላል።»
ትንሽ ይሻላል። ይሄም ደግ ነው።
ሁሉንም መልሰን ውሃው ውስጥ ለቀቅናቸው። ቦታው አልተሰረዘም።
«የሚቀጥለውን ወርስ ማን ይለካል?» አለች ታማር።
«ጉልበቴ ከፈቀደ እኔ» አልኳት።
ጉልበቴን ገና አልጠየቅሁትም።