ከል የማወልቅበት ቀን

ልጄ ሉዋልሃቲ፣ ድንግል ማርያም በሰው አገር ትጠብቅሽ። እኔ አለሁ። አውሎ ነፋሱ የኩሽናውን ጣሪያ ወስዶታል፤ ዓሣም ዘንድሮ ከባሕሩ ጠፍቷል።

በስልሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል የቆጠርኩት መልእክትሽን ራሴ ላነብ ነበር። አባትሽ ታመመ ብልሽ «ኦኬ» አልሽ። አረፈ ብልሽም «ኦኬ»። ጎረቤታችን እትዬ ፓሲታ፣ «አይዞሽ ማለቷ ነው» አለችኝ። ለሙት ዓመቱ ነይ ስልሽም ያንኑ ጻፍሽ።

«አሁንስ ምን ማለቷ ነው?» አልኳት።

«ተይኝ ማለቷ ነዋ! አንቺ ሴትዮ፣ ለዚች ቃል ነው ዓመት ሙሉ የተማርሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።

አክስቶችሽ በሚመጣው ወር ከሌን ሊያስወልቁኝ ነጭ ቀሚስ ገዝተዋል። ልጃችን አጠገቤ ሳትቆም አላወልቅም ብያቸዋለሁ። ደክሞኛል።

የአባትሽ ምርቃት ይድረስሽ። የምትመጪበትን ቀን ብቻ ጻፊልኝ፤ ቁጥር ማንበብማ ፊደል ሳልቆጥርም አውቅ ነበር።

እናትሽ