ስለ ሦስት ቁልፍና ስለ አንዲት አምፖል

ለተከበራችሁ የከተማችን አዳራሽ ንብረት ጠባቂ ሽማግሌዎች፣ ለአቶ ወልደ አማኑኤል፣ ለአቶ መኳንንት እና ለወይዘሮ ተሾመች፤

የመንዝ ብርድ ጉልበታችሁን ሳይነካ፣ ኩርፊያችሁም ሳይጎድል እንደምን ከርማችኋል? እኔ የአዳራሹ ፊልም አሳዪ ማዕረግ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሙያውን ያስተማሩኝ የቀድሞው ፊልም አሳዪ ጋሽ ገሠሠ ግን ደህና እንዳልሆኑ ታውቃላችሁ፤ አፈር ያለበስናቸው አብረን ነው።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋና ይቅደም። አዲሱ ፕሮጀክተር ከመጣ ጀምሮ አንድ ጭረት አልነካውም፤ የነካው ሰው የለምና። እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት በሦስት ቁልፍ የሚከፈት ቁምሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ፣ ቁልፎቹን ተከፋፍላችሁ፣ ሦስታችሁ አብራችሁ ካልቆማችሁ እንዳይከፈት ስለወሰናችሁ ሌባው ሁሉ ተስፋ ቆርጧል። እኔም ጭምር።

አንደኛ፤ በስብሰባ ላይ አሮጌው ፕሮጀክተር ከአዲሱ በምን ይሻላል ብላችሁ ጠይቃችሁኝ፣ ልጅ ነገር አያስረዝምም ብላችሁ አስቀምጣችሁኝ ነበርና አሁን ልጨርስ። የአዲሱ ብርሃን ይበልጣል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ብድግ ሲያደርጉትም ቀላል ነው። ሲያኮርፍ ግን ሳይናገር ነው፤ ግድግዳውን ሰማያዊ አድርጎ “ምልክት የለም” ይልና ዝም ይላል። ከእናንተ ጋር መስማማቱ አይገርመኝም። አሮጌው ይጮኻል፣ እንደ ምድጃም ይሞቃል፤ በክረምት ተመልካቹ ወደ ፊልሙ ሳይሆን ወደ እሱ ይጠጋ ነበር። ፊልሙ ሊበጠስ ሲል ድምፁ ይለወጣል፤ ቢበጠስም በፕላስተር ይቀጠላል። የፊልም ጥቅል የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው፤ አዲሱ ከፍላሽ ሌላ አያውቅም።

ሁለተኛ፤ ጋሽ ገሠሠ አንድ ጥቅል ነበራቸው። ድሮ ስለ ዓይን በሽታ ሊያስተምሩ የመጡ ሰዎች እዚሁ ምንጭ ዳር የቀረጹት ነው። በፊልሙ ውስጥ የልጅ ፊት የሚያጥቡት ሴት ባለቤታቸው ወይዘሮ እፀገነት ናቸው። በወጣትነታቸው ነው ያረፉት፤ ፎቶግራፍም አልተዉም። ስለዚህ ተማሪው ስለ ንጽሕና ሲማር፣ ጋሽ ገሠሠ ከማሽኑ ኋላ ቆመው ሚስታቸውን ሲያዩ ኖሩ።

ሦስተኛ፤ ክረምቱ ሲገባ አልጋ ያዙ። በበግ ጠጉር ባና እንደተጠቀለሉ “ማዕረግ፣ አንዴ ብቻ አሳየኝ፤ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው” አሉኝ። የአሮጌው ማሽን አምፖል ተቃጥሎ ነበር፤ ብቸኛዋ መለዋወጫ ደግሞ ዋጋ ያለው ሁሉ ይቆለፍ ባላችሁ ጊዜ ከአዲሱ ጋር ቁምሳጥን ገብታለች።

አቶ ወልደ አማኑኤል፣ እርስዎ ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ቀን ይጎድለዋል አሉኝ፤ ጨመርኩ። አቶ መኳንንት፣ እርስዎ ወይዘሮ ተሾመች ያሉበት ክፍል እግሬ አይረግጥም አሉኝ። ወይዘሮ ተሾመች፣ እርስዎም እሱ ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ቁልፌ ከመቀነቴ አይፈታም አሉኝ። ቁልፉን እኔ ላድርስ ብል ሁለታችሁም ሕግ አታፍርስ ብላችሁ መከራችሁኝ፤ በዚህ እንኳ ተስማምታችኋል። ለማያውቅ አንባቢ፣ የጠባቸው መነሻ በአንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ማን ቀድሞ ይመርቅ የሚል ነው። ሙሽሮቹ ከተፋቱ ቆይተዋል። ጠቡ ግን ጸንቷል።

አራተኛ የለኝም። ጋሽ ገሠሠ ሞቱ።

በአርባቸው ዕለት መታሰቢያ ይደረግላቸው ተባለና ሦስታችሁም አዳራሹ መጣችሁ። ትከሻ ለትከሻ ቆማችሁ፣ ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ይቅርታ፣ ቁልፎቻችሁን አዞራችሁ። አዲሱ ፕሮጀክተር ወጣ። የጋሽ ገሠሠን የመታወቂያ ፎቶ ግድግዳ የሚያህል አድርጎ አሳየ፤ አንዴም አላኮረፈም። አቶ መኳንንት ሟቹ ለጥበብ ስለከፈሉት መሥዋዕትነት ተናገሩ፤ ወይዘሮ ተሾመች አለቀሱ። አምፖሏ ከቁምሳጥኑ ግርጌ፣ በካርቶኗ ውስጥ ነበረች።

ሰው ሲበተን መስኮቱን ዘግቼ አምፖሏን አሮጌው ማሽን ላይ ገጠምኩ፤ ጥቅላቸውንም አዞርኩ። ወይዘሮ እፀገነት የልጁን ፊት አጠቡ፤ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት፤ ከዚያም ቀና ብለው ጋሽ ገሠሠ ሁልጊዜ ወደሚቆሙበት ወደ ማሽኑ አቅጣጫ ሳቁ። እዚያ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ንብረታችሁን ከባለጉዳይ በመጠበቅ ላደረጋችሁት ያልተቋረጠ ትጋት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

ታዛዣችሁ ማዕረግ

ማስታወሻ፦ አምፖሏን ወደ ቁምሳጥኑ አልመለስኳትም፤ ማሽኑ ላይ ናት። ከሦስታችሁ አንዳችሁ አልጋ ስትይዙ ማየት የሚያምራችሁ ፊት ካለ ልጅ ላኩብኝ። እናንተ ሳትታረቁም ማሽኑን ይዤ እመጣለሁ።