የአንድ ጠብታ ቀለም ፈቃድ

ሰኞ
ዛሬም «አስቴር» አለኝ። አስቴር የሞተች እህቱ ናት። «ታዴ፣ እኔ ውቢት ነኝ፣ ሚስትህ» ብለውም መልሶ «አስቴር» አለኝ። ራሱን ይዞ ማቃሰት ከጀመረ ወር አልፎታል። መጀመሪያ መጠጥ ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ሴት፣ ቀጥሎ የድብቅ ስብሰባ። እንቅልፍ የነሳኝ የመጨረሻው ነው። ጎረቤት ደግሞ ከሚሊሺያ ጥሪ ለመቅረት ነው ይላል።

ማክሰኞ
አሰላ ሆስፒታል አስተኙት። ለምርመራ ከጀርባ አጥንቱ ውሃ ቀዱ። ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው፣ በቅርቡ ተመድቦ የመጣ። «የሚሠራበት መጋዘን ውስጥ እርግብ አለ?» አለኝ። የኢተያው የእህል መጋዘን ጣሪያው እርግብ ብቻ ነው፤ ኩሱን የሚጠርገው ታደሰ። ከዚያ አቧራ የሚገባ ሻጋታ፣ በጣም አልፎ አልፎ፣ አንጎል ድረስ ይደርሳል አለ። «በቀዳነው ውሃ ውስጥ ለማየት ግን ካርታ የሚሳልበት ጥቁር ቀለም ያስፈልገኛል። የኛ አልቋል። እርስዎ አስተማሪ አይደሉ?»

መንግሥትን የሚቃወም ወረቀት ከተበተነ ወዲህ የትምህርት ቤታችን ቀለም ቀበሌ ነው የተቆለፈበት። ቀለም የጠየቀ ሰው ምን እንደሚባል ሐኪሙ አያውቅም? ወይስ አውቆ ነው የሚልከኝ?

ረቡዕ
አልሄድኩም። ፈራሁ። ከሰዓት አስታወከው፤ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። በራሴ አፈርኩ።

ሐሙስ
ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ፣ «ለምን የሚሆን ቀለም ነው?»
«ለባሌ ራስ ምታት።»
አልሳቀም። ሌላ ሰው አስጠርቶ እንደገና አስጠየቀኝ። በመጨረሻ ጠርሙሱን ለቶላ፣ ለቀበሌው ጥበቃ፣ ሰጥቶ ከኔ ጋር ላከው። አንድ ጠብታ ብቻ፤ ሌላው ይመለሳል።

ቶላ ጠመንጃውን እንዳነገተ ላቦራቶሪ ገባ። ከጠብታዋ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ሐኪሙ ከተቀዳው ውሃ ጋር ቀላቅሎ በማይክሮስኮፑ ብዙ አየና «ኑ፣ እዩ» አለን። ቶላ ቀደመኝ።
«እትዬ፣ ስንዴ የተበተነ አይመስልም?»
በጥቁሩ መሀል ነጫጭ ክቦች። ሻጋታው ነው። ግን ቢያንስ ምን እንደያዘው ታወቀ።

ቅዳሜ፣ ሁለት ሳምንት ሳልጽፍ ከርሜ
መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ በደም ሥሩ እየገባ ነው። ያንቀጠቅጠዋል፣ ብርድ ልብስ አይበቃውም። ሐኪሙ ገና ነው ይላል፤ ለኩላሊቱም ይሰጋል። ቶላ «እግዜር ይማርህ ልበለው» እያለ ይመላለሳል። ከልቡ ይሁን ተልኮ አላውቅም።

ዛሬ በሩ ላይ ሲቆም ታደሰ ጠመንጃውን አየ። እጄን ስቦ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ውቢት፣ ይሄን ሰውዬ ማን ላከው? ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»
አስቴር ሳይል በስሜ ጠራኝ። መጠርጠርም ጀመረ። ቶላ ፊት እንዳላለቅስ ጎንበስ ብዬ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩ።