የሌንሱ ለቅሶ

ዘመናይ፣

በቆጂ እናቴ ጋ ሄጃለሁ፣ እሑድ እመጣለሁ።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ንፍሮ ያንቺ ነው። ጠዋት አዲሱን ሌንስ ዓይንሽ ውስጥ ለመለጠፍ ስትታገዪ ቆይተሽ፣ ዓይንሽ ደም መስሎ፣ እንባሽን እየጠረግሽ ስትወጪ አከራያችን እትዬ አልጣሽ በር ላይ አይተውሻል። ሰላም እንኳን አላለችኝም አሉ። መርዶ ሰምታ ነው ብለው ንፍሮ ቀቅለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ።

ሌንስ ነው ብዬ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። «ሰው ጤነኛ ሆኖ ዓይኑ ውስጥ ላስቲክ አይከትም፤ አትደብቂኝ ልጄ» አሉኝ።

ማታ ጎረቤቱን ይዘው ይመጣሉ። ወንበር ከነስረዲን ሱቅ ተውሼ አስገብቻለሁ።

ቃሪያ ከትፈሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ሌንሱን እንዳትነኪ። የባለፈው ጩኸትሽ ይበቃናል።

መነጽርሽን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አውጥቼ፣ ወልውዬ አልጋሽ ላይ አድርጌዋለሁ። እጮኛሽ እንደሻው «መነጽር አያምርብሽም» ሳይልሽ በፊት ሰው ታዪ ነበር።

እኔንም ጭምር።

ማን ሞተ ሲሉሽ የምትመልሺውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ብሆን እንደሻው እላቸው ነበር።

ዙቤዳ